ድስቱ የእኔ ነው

ጥቅምት 12

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፤

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ፣ ደረጃሽን ወጥቶ በርሽን ያንኳኳ። ጤናሽ እንዴት ነው? ብርዱ አልጎዳሽም? እኔ ጉልበቴ ከሚያወራብኝ በቀር ደህና ነኝ። እናትሽም ደህና ናት። ሐኪሙ ልቧን አይቶ «አታስደንግጧት» ስላለን አሁን አጠገቧ ስንስቅ እንኳ ቀስ ብለን ነው።

ወረቀት ያነሳሁት በስልክ የማይነገር ነገር ስላለኝ ነው። ስልክ ያጣድፋል፤ እኔ ደግሞ መርፌ ይዤ ማሰብ የለመድኩ ልብስ ሰፊ ነኝ።

ባለቤቴ፣ አጎትሽ፣ ከሞተ ዓመት ሊሞላው ነው። የኋላዋን ክፍል ታስታውሻታለሽ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሁለቱ ጓደኞቹ ጋር ቢራ ይጠምቁባት የነበረችውን። ባለፈው እሑድ ሁለቱም መጡ። አንዱ ፀጉር ቆራጩ ነው፣ ሰፈሩ «ምላጭ» የሚለው። ሌላው ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ወሬው ሁሉ ድሮ ድሮ ስለሆነ «ኋላ ማርሽ» ያልኩት እኔ ነኝ። ተቀመጡ፣ ሻይ ጠጡ፣ ሟቹን አመሰገኑ። ከዚያ ምላጭ ጉሮሮውን ጠረገና፣

«እንግዲህ ትልቁን ድስት፣ በርሜሉንና የቆርኪ መምቻውን ልንወስድልሽ ነው። ቦታ ያዘብሽ» አለኝ።

«ቦታ ያዘብኝ ያለው ማነው?»

«ታዲያ ምን ታደርጊበታለሽ?»

«እጠምቅበታለሁ።»

ከአፌ ሲወጣ እኔም የሰማሁት ከእነሱ እኩል ነው። ኋላ ማርሽን ሻዩ ትን አለው። ምላጭ ግን ሳቀ። የንቀት ሳቅ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ የሳቀው ልጅ እንደሚያባብል ሰው ነው። «እትዬ፣ አንቺ እኮ ጠርሙስ ነው ስታጥቢ የኖርሽው» አለኝ።

እውነቱን ነው። ጠርሙሳቸውን ሳጥብ ኖሬያለሁ። አንድ ቀን ግን «እስቲ ቅመሺ» ያለኝ የለም፤ አጎትሽም ቢሆን አላለኝም፣ ነፍሱን ይማረውና። «አያያዙን አይተህ ጭብጦውን ቀማው» እንደሚባለው አያያዜን አይተው ነው የመጡት። ድስቱ ግን የእኔ ነው። መጋረጃ ሰፍቼ የገዛሁት ድስት ነው። ባዶ እጃቸውን ሸኘኋቸው።

አሁን ችግሬ አንድ ነው፤ ስለ ጠመቃ የማውቀው የለም። አንቺ ቢራ ፋብሪካ ነው የምትሠሪው። ከየት ነው የሚጀመረው? ንገሪኝ። ለእናትሽ ግን ትንፍሽ እንዳትዪ።

ካለሽበት ደስታ አይጥፋ።

አክስትሽ

*

ኅዳር 9

ለተከበሩት አክስቴ፤

እንዴት ከረሙልኝ? የጉልበትዎን ወሬ ይቀንስልዎ። እኔ ሥራዬም ጤናዬም ደህና ነው።

ደብዳቤዎን በምሳ ሰዓት ልብስ መቀየሪያው ክፍል ቆሜ ነው ያነበብኩት። «እጠምቅበታለሁ» የሚለው ላይ ስደርስ ብቻዬን ጮክ ብዬ ስቄ አጠገቤ ያሉት ሴቶች ዘወር ብለው አዩኝ። አይስጧቸው! አንዷን ቱቦ እንኳ እንዳይሰጧቸው።

ግን እውነቱን ልንገርዎ፤ እኔ የማውቀው ቆርኪ ብቻ ነው። ጠርሙሱ ሞልቶ ይመጣል፣ ማሽኑ ቆርኪውን ይመታል፣ ተጣሞ የተከደነውን እኔ ለቅሜ አወጣለሁ። ውስጡ ያለው ነገር እንዴት ቢራ እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ለእርስዎ ብዬ ወደ ላይኛው ፎቅ ወጥቼ ዋናውን ጠማቂ ጠየቅሁት። ፂሙ የነጣ፣ የማይቸኩል ሽማግሌ ነው።

«ማነው የሚጠምቀው?» አለኝ።

«አክስቴ።»

«ንጽሕና ትወዳለች?»

«እሷ ቤት ዝንብ የሚገባው እግሩን ጠርጎ ነው» አልኩት።

«እንግዲያስ ግማሹን ጨርሳለች» አለና ወንበር ሳበልኝ።

የነገረኝን እነሆ። ብቅሉን ሸርከት አድርገው ያስፈጩት፤ ዱቄት እንዳይሆን። በሞቀ ውሃ ይዘፍዝፉት፤ ውሃው መፍላት የለበትም፣ እጅ ለአፍታ ከቶ ቶሎ የሚያወጣው ዓይነት ሙቀት ነው። አንድ ሰዓት ያህል ሲቆይ ውሃው ይጣፍጣል። ያንን ያጥልሉትና ጣፋጩን ውሃ ብቻ ያፍሉት። ሲፈላ ሆፕ የሚሉትን መራራ አበባ ይጨምሩበት። ከዚያ ያቀዝቅዙት፣ እርሾውን ይበትኑበት፣ በርሜሉን ይክደኑት። ከክዳኑ የወጣውን ቱቦ ጫፍ ውሃ የያዘ ብርጭቆ ውስጥ ይንከሩት። ውሃው ቡልቅ ቡልቅ ማለት ከጀመረ እርሾው ሥራ ይዟል ማለት ነው። ቢራውን የሚነካ ዕቃ ሁሉ ከዋዜማው ይቀቀል ብሏል።

ሆፑንና እርሾውን ወደዚያ በምትመጣ ነርስ እጅ ልኬልዎታለሁ። ሲሳካልዎ ይጻፉልኝ፤ ሳይሳካም ይጻፉልኝ።

ፈጣሪ እጅዎን ያቅናልዎ።

የእህትዎ ልጅ

*

ጥር 2

ለእህቴ ልጅ፣ ለመምህሬ፤

ሰላምሽ ይብዛ፤ የላክሻት ነርስም ትባረክ፣ ዕቃውን እንደ ጨቅላ አቅፋ አመጣችልኝ።

ሳይሳካም ጻፊ ስላልሽኝ እጽፋለሁ። መጀመሪያ ድስቱ ገነፈለብኝና ምድጃው ሁሉ ሙጫ ሆነ፤ ዛሬም ጫማዬ ወለሉ ላይ ይይዘኛል። እሺ ብዬ ወለወልኩ። ከዚያ እርሾውን በተንኩና ብርጭቆው ሥር ተቀመጥኩ። አንድ ቀን አለፈ፣ ሁለት ቀን አለፈ፤ ውሃው እንደ ተኮነነ ሰው ጸጥ አለ። ቸኩዬ ትኩሱ ላይ በትኜው እርሾውን ቀቅዬ ገድዬዋለሁ ለካ። ጣፋጩን ውሃ ቀመስኩት፤ ሳል የያዘው ሰው ሊጠጣው ይችል ይሆናል። ደፋሁት።

በሁለተኛው ታገሥኩ። ገንዳ ሙሉ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ድስቱን አስቀምጬ፣ አንገቴ ላይ ባደረግሁት ሜትር ሳይሆን በአጎትሽ ቴርሞሜትር እየለካሁ ጠበቅሁ። በማግሥቱ ጠዋት ቡልቅ አለ! አንዴ ቡልቅ፣ ከዚያ ዝም፣ ከዚያ ቡልቅ ቡልቅ። ደንበኛዬ ቀሚሷን ልትለካ መጥታ «ምንድን ነው የሚያጉረመርመው?» አለችኝ። «ሆዴ ነው» አልኳት።

እንግዲህ ደስታ አቅሌን አሳተኝና ቶሎ በጠርሙስ ሞላሁት። አጎትሽ ጠርሙስ ሲሞላ እንደሚያደርገው ስኳርም ጨመርኩ፤ «ሰሰተች እንዳይሉኝ» ብዬ በእፍኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ጃኬት እየሰፋሁ ሳለ የኋላዋ ክፍል ደው አለች። ከዚያ እንደገና ደው! ሦስት ጠርሙስ አንዱ ሌላውን እየጠራ ፈነዳ። ስብርባሪው ኮርኒሱ ላይ ተሰክቶ ቀርቷል።

ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ምላጭ ከነምላጩ፣ ደንበኛው ግማሽ ፊቱን አረፋ እንደተቀባ ከኋላው። «አልነገርኩሽም?» አለ። የግቢው ጎረቤቴ ደግሞ «ለሰፈሩ ሰላም ሲባል ይህ ነገር ይቅር» አለኝ። መጥረጊያዬን አነሳሁና «ለሰላም ሲባል ከደጄ ዘወር በሉልኝ፣ ልጥረግ» አልኳቸው።

አላቆምም። ግን ንገሪኝ ልጄ፤ ጠርሙስ ለምንድን ነው የሚፈነዳው?

የነካሽው ሁሉ ይሥመርልሽ።

አክስትሽ

*

መጋቢት 6

ለአክስቴ፤

እንደምን ሰነበቱ። ስለዘገየሁ ይቅር ይበሉኝ። ሥራ በዛብኝ።

ጠርሙስ የሚፈነዳው ውስጡ ያለው ሥራውን ሳይጨርስ ሲከደንበት ነው። ቡልቅታው ፈጽሞ እስኪያቆም ይጠብቁ፤ ካቆመ በኋላም ጥቂት ቀን ይጨምሩ። ስኳሩን በማንኪያ ለክተው እንጂ በእጅዎ ዘግነው አይጨምሩ። አፉ የተሸረፈ ጠርሙስ ካለ ዛሬውኑ ይጣሉት። ሲያነሱ አንገቱን አይያዙ፣ ወደ ፊትዎ አያስጠጉ፣ ሁልጊዜ ወፍራም ጨርቅ ይጠቅልሉበት።

ጠርሙስ ሲፈነዳ ድምፁ የሚሰማው በኋላ ነው። የሚቀድመው ስብርባሪው ነው። እባክዎ ይጠንቀቁ።

ለእናቴ ሰላም ይበሉልኝ።

የእህትዎ ልጅ

*

መጋቢት 24

ለእህቴ ልጅ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ምርቃቱን ለመጨረሻው አቆይቼዋለሁ፤ አሁን የምጠይቅሽ አለ።

ጽሕፈትሽን የማውቀው ፊደል ከቆጠርሽበት ቀን ጀምሮ ነው። ፊደልሽ ቀጥ ያለ ነበር። የዚህ ደብዳቤ ፊደል ወደ ግራ ጋድሏል፤ የ«በ» ሁለት እግር እንደ ሰካራም ተጠላልፏል። እኔ የሰው ስፌት አይቼ የቱ እጁ እንደታመመ የምናገር ሴት ነኝ። ይህን የጻፍሽው በግራሽ ነው።

ደግሞስ ድምፁ በኋላ፣ ስብርባሪው በፊት እንደሚመጣ የነገረሽ ማነው? ጠማቂው ሽማግሌ ነው አትበዪኝ። ይህ ከጎኑ የቆመ ሰው ቃል ነው።

ቀኝ እጅሽ ምን ሆነ?

እዚህ ያለውን ጠይቀሽ እንደሆነ ምላጭና ኋላ ማርሽ ጎረቤቱን ይዘው ተመልሰው መጥተዋል። ድስቱን አስረክቢና ለሰፈሩ ይቅርታ ጠይቂ ነው የሚሉት። በር ላይ አቆምኳቸው። ኋላ ማርሽ «በድሮ ጊዜ ሴት...» ብሎ ሲጀምር «አንተ ወደፊት መሄጃ ማርሽ የለህም?» ብዬ በሩን ዘጋሁት። ሦስተኛው ጠመቃ በርሜል ውስጥ ነው። በዚህ በኩል አታስቢ።

ባዶ «ደህና ነኝ» እንዳትልኪብኝ። እውነቱን ላኪልኝ።

ፈጣሪ እጅሽን ይጠብቅልኝ፤ ሁለቱንም።

አክስትሽ

*

ሚያዝያ 13

ለተከበሩት አክስቴ፤

ከእርስዎ የሚደበቅ የለም፤ ጤናዎን ግን አጥብቄ እጠይቃለሁ።

የካቲት ላይ ነው። ተጣሞ የተከደነ ጠርሙስ ላወጣ ስል እጄ ላይ ፈነዳ። ሁለት ጣቶቼን የሚያጥፈው ጅማት ተቆርጧል። ሰፍተውታል፣ ግን አይታጠፉም። ከዚያ ቀን በዓይኔ የቀረው ደሙ ይመስልዎት ይሆናል፤ እኔ የማስታውሰው ማሽኑ አለመቆሙን ነው። እኔ ወለሉ ላይ ተቀምጬ፣ ጠርሙሶቹ ከራሴ በላይ ተሰልፈው እየሄዱ ነበር።

ለአምስታችን ያለን ጓንት ሁለት ጥንድ ነው። ያን ቀን ተራዬ አልነበረም። አሁን ተቆጣጣሪው «ጓንቴን በገዛ ፈቃዴ አውልቄ ነበር» የሚል ወረቀት አዘጋጅቷል። ከፈረምኩ ወደ ሥራ እመለሳለሁ። ካልፈረምኩ በሩን አሳይቶኛል። ከእኔ በፊት የተጎዱትም ፈርመዋል። ረጅሟ የምንላት የሥራ ባልደረባዬ ጉንጯ ላይ ጠባሳ አላት፤ እሷም ፈርማለች። «ፈርሚና እረፊ፤ ዝም አይነቅዝም» ትለኛለች።

ልፈርም ሳይሆን አይቀርም። ደክሞኛል አክስቴ። ለእናቴ አይንገሯት።

የእህትዎ ልጅ

*

ሚያዝያ 27

ለልጄ፤

ዛሬ የእህቴ ልጅ አልልሽም።

ደብዳቤሽን አንብቤ የስፌት መኪናዬን ከደንኩት። ተነስቼ ጠርሙስ ስቀቅል ዋልኩ። ከዚያ ነው የተቀመጥኩት።

ፖስታው ሰነፍ እንደሆነ አውቃለሁ። ይህ ሳይደርስሽ ፈርመሽ ከሆነ አልቆጣሽም፤ ቤቴም ልቤም ክፍት ነው። ካልፈረምሽ ግን ስሚኝ።

«ዝም አይነቅዝም» ይላሉ። እኔ ግን ሲነቅዝ አይቻለሁ። በቤቴ ውስጥ ዝም ብዬ በኖርኩበት ጊዜ ሁሉ ጓዳዬን ሰዎች የራሳቸው አደረጉት፤ ባለቤቴ ሲሞት ደግሞ ድስቴን ሊወስዱ ሻይዬን እየጠጡ መጡ። ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም። እምቢ እንደምል አያውቁማ! ማን አሳወቃቸውና?

ያ ሰውዬም አያውቅም። አሳውቂው። ያልተሰጠሽን ጓንት አወለቅሁ ብለሽ እንዴት ትፈርሚያለሽ? ቀኝሽን እነሱ ወስደዋል፤ ግራሽን ደግሞ ውሸት እንድትጽፍላቸው ይፈልጋሉ። ሥራ ይሄዳል፣ ሥራ ይመጣል። እኔ ጋ ሁለት የስፌት መኪና አለ፤ አንዱ በእግር ብቻ የሚሠራ ነው፣ በሦስት ጣት ይነዳል።

ረጅሟን ደግሞ አትቀየሚያት። ብቻዋን ስለነበረች ነው። አንቺ ብቻሽን አይደለሽም፤ እሷም አሁን ብቻዋን አይደለችም።

ሦስተኛው ጠመቃ ጠርሙስ ውስጥ ገብቷል። አልፈነዳም። ገና አልከፈትኩትም፤ ያንቺን ወሬ ሳልሰማ የምቀምስበት አፍ የለኝም።

ወገብሽን ፈጣሪ ያጽናው።

አክስትሽ

*

ሰኔ 5

ለተከበሩት አክስቴ፤ ለእናቴ ታላቅ፣ ለእኔም እናት፤

ሰላምታዬ ከነሙሉ ትንፋሼ ይድረስዎ።

አልፈረምኩም።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ከተቆጣጣሪው ቢሮ ከወጣሁ በሳምንቱ ነው። ቢቀድምልኝ ደስ ይለኝ ነበር። ባይቀድምም ደስ ብሎኛል፤ እምቢታው የራሴ ሆነ።

ተቆጣጣሪው ወንበር ሰጠኝ፣ ወረቀቱን አዞረልኝ፣ እስክሪብቶውን ደግሞ በግራዬ በኩል አስቀመጠልኝ። አሳቢ ሰው! እኔ እኮ ልፈርም ነበር የገባሁት። ያቺን እስክሪብቶ በግራዬ በኩል ሳያት ግን ደሜ ፈላ። አውቆታል ማለት ነው አክስቴ። እጄ ምን እንደሆነ ከእኔ የተሻለ አውቆታል።

«ጓንቱን ያምጡልኝ» አልኩት።

«የምን ጓንት?»

«ያወለቅሁትን። ያን ቀን ለእኔ የሰጡኝን ጓንት ያምጡና ያኔ እፈርማለሁ።»

ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። ከዚያ «ሌሎቹ ሁሉ ፈርመዋል» አለኝ።

«እንግዲያው የእነሱንም ያምጡ» ብዬ ተነሳሁ። ወንበሩን ወደ ቦታው መለስኩለት፤ እሱ ግን የተዳፈርኩት መሰለው።

ስወጣ ረጅሟ ኮሪደሩ ላይ ነበረች። ሰምታለች። ሽርጧን ፈታች፣ አጣጠፈችና ክንዴን ያዘችኝ። ወደ ከተማው የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ አብረን ሄድን። እሷ ጠባሳዋን፣ እኔ ጣቶቼን ይዘን። ከዚያ ሌሎቹ አንድ አንድ እያሉ መጡ፤ ጓንት እንዳልተሰጠን በየስማቸው ተናገሩ። አንድ ቀን ከዚያ ቢሮ መርማሪ መጣና የጠርሙሱን መሥመር አስቆመው። ማሽኑ ሲቆም የሰማሁትን ጸጥታ ልነግርዎ አልችልም።

አሁን ለእያንዳንዳችን ጓንትና የፊት መከለያ ተሰጥቶናል። ሕክምናዬን ፋብሪካው ችሏል። ጣቶቼ ግን አይመለሱም፤ ሐኪሙ በግልጽ ነግሮኛል፣ እኔም አልቅሼ ጨርሻለሁ። ወደ መሥመሩ አልመለሱኝም፤ መጋዘን ነኝ። ተቆጣጣሪው ሰላም አይለኝም። እኔ ግን በየጠዋቱ ጮክ ብዬ «እንደምን አደሩ!» እለዋለሁ።

እናቴን አሁን ሊነግሯት ይችላሉ። ጠርሙሱንም ይክፈቱት እንጂ!

የእህትዎ ልጅ

*

ሰኔ 28

ይድረስ ለጀግናዬ፤

ሰላምታዬን በግራም በቀኝም ተቀበዪ።

ለእናትሽ ሄጄ ነገርኳት። ውሃ አጠገቧ አስቀምጬ፣ ትራስ ደግፌ፣ ዙሪያ ጥምጥም ስሄድ «ፈረመች ወይስ አልፈረመችም?» ብላ አቋረጠችኝ። ለካ የእጅሽን ነገር ከመጋቢት ጀምሮ ታውቃለች፤ ለእሷም በጋደለ ፊደል ጽፈሽላት ነበርና። የፊርማውን ደግሞ መሳቢያዬ ውስጥ የነበረውን ደብዳቤሽን አንብባ ደርሳበታለች። እኛ እሷን ስንጠብቅ እሷ እኛን ስትጠብቅ ከርማለች። «አልፈረመችም» ስላት ትራሱን ገፍታ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ስለ ጣቶችሽ ያለቀሰችው ከዚያ በኋላ ነው፤ አብረን አለቀስን።

ቤቴ ስመለስ ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። መስኮቱን ወለል አድርጌ ከፍቼ ጠረጴዛዬን አስጠጋሁ። እንዳልሽኝ በጨርቅ ጠቅልዬ ቆርኪውን አነሳሁት። ፍስስ አለ፤ አረፋው ቀስ ብሎ ወጥቶ ብርጭቆው አፍ ላይ ቆመ፤ አልፈሰሰም። የመጀመሪያው ጉንጭ መራራ ነው። ሁለተኛውም መራራ ነው፣ ግን ኋላው ላይ የተቆላ እህል ሽታ አለው። በሦስተኛው ወደድኩት። ትንሽ ደፍርሷል፤ ይደፍርስ፣ እኔም ደፍርሼ ነው የኖርኩት።

ምላጭ ሱቁን ዘግቶ ሲያልፍ አየኝ። ቆመ። ብርጭቆዬን አየ፣ ከኋላዬ የተደረደሩትን ጠርሙሶች አየ።

«ተሳካልሽ እንዴ?» አለኝ።

«እንደምታየው።»

«ልትሸጪው ነው?»

«አይ።»

«እንግዳ አለብሽ?»

«የለብኝም።»

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ለማን ነው?»

ተይው ልጄ፣ የጠየቀው በክፋት አልነበረም፤ እውነት ግራ ገብቶት ነው። እኔም አልተቆጣሁትም። ብርጭቆዬን አንስቼ፣ መንገዱ ሁሉ እያየኝ፣ እስከ ግማሽ ጠጣሁና አፌን በእጄ ጀርባ ጠረግሁ።

«ለራሴ ነው» አልኩት።

አክስትሽ